የትኛው ፊቸር ይቅደም? ተጠቃሚን የማጥኛ መንገዶች ሲነጻጸሩ

ሰው ፊት ለፊት ተቀምጣችሁ "ሐሳባችን እንዴት ነው?" ብትሉት መልሱን አስቀድሜ ልንገራችሁ። "በጣም ጥሩ ነው፣ በርቱ!" ይላችኋል። ቡናውን ጠጥቶ፣ ትከሻችሁን መታ መታ አድርጎ ይሄዳል። አፑ ሲወጣ ግን አያወርደውም። ዋሾ ሆኖ እንዳይመስላችሁ። ይሉኝታ ይዞት ነው። የለፋችሁበትን ነገር ዓይናችሁን እያየ "አይረባም" ማለት እኛ ዘንድ ነውር ነው።

ከዓመታት በፊት ከጓደኞቼ ጋር አንድ የሽያጭ ድረ ገጽ ሠርተን ነበር። ሃያ የሚሆኑ ባለሱቆችን ዞረን አነጋገርን። ሁሉም ወደዱት። ሥራ ስናስጀምር ከሃያዎቹ ዕቃቸውን ያስገቡት ሁለት ብቻ ነበሩ። አንደኛው አጎቴ ነው።

ስለዚህ የተጠቃሚ ጥናት ዘዴዎችን ሳወዳድር ከዋጋና ከፍጥነት ሌላ አንድ መለኪያ እጨምራለሁ። ዘዴው ይሉኝታን አልፎ ይሄዳል ወይስ እዚያው ይቀራል?

ለማወዳደር አንድ ምሳሌ እንያዝ። የእቁብ አፕ ልንሠራ ነው እንበል። እቁብን የመረጥኩት ሁላችንም ስለምናውቀው ነው። አደጋውም እዚያው ላይ ነው፤ የምናውቀው ስለሚመስለን መጠየቅ እንተዋለን። ሦስት ዴቨሎፐሮች አሉን፣ አራት ወር አለን። ሰሌዳው ላይ ደግሞ ይህ ሁሉ ፊቸር፣ ማለትም አፑ እንዲሠራ የምንፈልገው ነገር፣ ተጽፏል፦ የክፍያ ማስታወሻ፣ የክፍያ መዝገብ፣ በስልክ የሚወጣ ዕጣ፣ በቴሌብር መክፈያ፣ የአባላት ቻት፣ የዋሶች መዝገብ፣ ውጭ አገር ላሉ አባላት መክፈያ። ሁሉም አይሠራም። የቱ ይቅደም?

ማውራት

ቁጭ ብሎ ማውራት ርካሹ መንገድ ነው። የማኪያቶና የታክሲ ካላችሁ ይበቃል። አንድ ዓይነት ሰዎችን ካነጋገራችሁ ከአምስተኛው ወይም ከስድስተኛው ሰው በኋላ ታሪኩ መደጋገም ይጀምራል።

"አንድ ዓይነት" የምትለዋን አትዝለሏት። የመርካቶ ነጋዴ እቁቡን በየሳምንቱ፣ አንዳንዴም በየቀኑ ይጥላል። የመሥሪያ ቤት ሠራተኛ የሚጥለው ደመወዝ ሲወጣ፣ በወር አንዴ ነው። ዱባይ የሰው ቤት የምትሠራ እህታችን ደግሞ ስልኳን በነፃነት የምትይዘው ማታ ብቻ ሊሆን ይችላል። ከሦስቱም ሁለት ሁለት ሰው አነጋግራችሁ ብትቀላቅሉት የማንም ያልሆነ ምርት ነው የሚወጣው። መጀመሪያ አንዱን ምረጡ።

ሁለተኛው ጣጣ አጠያየቁ ነው። "አፑ ዕጣ ቢያወጣልዎ ይጠቀሙበታል?" ብላችሁ ከጠየቃችሁ በርቱ ተብላችሁ ትመለሳላችሁ። ይልቅ ያለፈውን ጠይቁ። "ጋሼ፣ ባለፈው ዙር ሳይከፍል የቀረ ሰው ነበር? ያን ቀን ምን አደረጉ?" በሉ። ላለፈ ነገር ይሉኝታ ብዙም አያስፈልግም፤ የሆነው ሆኗል። "ደወልኩለት፣ አላነሳም። ዋሱ ጋ ሄድኩ። በመጨረሻ ከኪሴ ሞላሁ" ካሏችሁ ችግሩ የእውነት መሆኑን አወቃችሁ። ሰው ገንዘቡንና ጊዜውን ያፈሰሰበት ችግር ነው። በተቃራኒው "አዎ ያስቸግራል" ብለው ምንም ያላደረጉበት ችግር ካለ ለጊዜው ተዉት።

ሁለት ትንንሽ ዘዴዎች ልጨምር። አንደኛ፣ "ሌሎች እቁብተኞች ስለዚህ ምን የሚሉ ይመስልዎታል?" ብላችሁ ጠይቁ። ሰም እና ወርቅ የለመደ ሕዝብ የራሱን ሐሳብ በሌላ ሰው አፍ መናገር ይችልበታል። ሁለተኛ፣ አንድ ንድፍ ይዛችሁ አትሂዱ፣ ሁለት ያዙ። አንዱን ሲጥል ሌላውን ስለሚያመሰግን ሰውዬው አይጨነቅም።

የማውራት ድክመቱ ቁጥር ላይ ነው። ከስምንት ሰው ስድስቱ አንድ ነገር ቢሉ "75 በመቶ ተጠቃሚዎች ይፈልጋሉ" ብላችሁ ስላይድ ላይ እንዳትጽፉ። ስድስት ሰዎች ናቸው፣ በቃ።

ሄዶ ማየት

ለእኔ ከሁሉም የሚበልጠው ይህ ነው። ለምን ብዙ ሰው እንደማይሠራው አይገባኝም። ምናልባት ሥራ ስለማይመስል ይሆናል።

እሑድ ከሰዓት እቁቡ ከሚሰበሰብበት ቤት ሂዱና ጥግ ይዛችሁ ተቀመጡ። እኔ ባደግኩበት ሰፈር እቁብ ላይ የነበረውን ልንገራችሁ። ጸሐፊው ደብተር ይዟል። አንዷ ለራሷም ላልመጣች ጎረቤቷም ትከፍላለች። ሁለት ሰዎች አንድ ዕጣ ለሁለት ይዘዋል፤ ግማሽ ግማሽ ነው የሚጥሉት፣ ሲደርሳቸውም ይካፈላሉ። ዕጣ የወጣለት ሰው ልጁን ሊድር ላለ ሌላ አባል ተራውን ትንሽ አትርፎ ይሸጣል። ይህ ሁሉ ደብተሩ ላይ በአንድ መስመር፣ ለጸሐፊው ብቻ በሚገባ ምልክት ይሰፍራል።

አሁን ሰሌዳችንን ተመልከቱ። "ግማሽ ዕጣ" የሚል ነገር አለ? የለም። "ተራ መሸጥ"ስ? እሱም የለም። ቃለ ምልልስ ላይም አይነግሯችሁም። ደብቀው እንዳይመስላችሁ፤ ለነሱ የሚወራ ነገር አይደለም። እንጀራ በእጅ እንደሚበላ ማን ይነግራችኋል?

ሌላም አለ። ዕጣው የሚወጣበት ሰዓት ቤቱ ጸጥ ይላል። ብጣሽ ወረቀቶቹ ተጠቅልለው ይገባሉ። አንድ ሕፃን ይጠራና እጁን ይሰዳል። ስሙ ሲነበብ እልልታ ነው። ዴቨሎፐሮቻችን በጣም የወደዱት ፊቸር፣ በስልክ የሚወጣው ዕጣ፣ እዚህ ላይ ይወድቃል። የሰዎቹን ደስታ ይወስዳል። በዓይናቸው የሚያዩትን ዕጣ ትተው የማያዩትን ኮድ እንዲያምኑ ይጠይቃል። ቢሮ ተቀምጠን ይህን አናገኘውም ነበር።

ዋጋው? ሙሉ ቀን ይበላል። የእቁቡን ዳኛ አስቀድሞ ማስፈቀድ ያስፈልጋል። የሰው ገንዘብ የሚቆጠርበት ቦታ ስለሆነ ፎቶ አታንሱ፣ ስም አትጻፉ። ሁለት ሦስት እቁብ ካያችሁ በኋላ ደግሞ ያያችሁት ነገር የሁሉም ነው ብላችሁ እንዳታስቡ። ያንን ለመቁጠር ሌላ መሣሪያ አለ።

መጠይቅ

ጎግል ፎርም ከፍቶ ቴሌግራም ላይ መበተን ቀላል ነው። ለዚህም ነው ሁሉም ከዚህ የሚጀምረው። መጠይቅ ግን የምታውቁትን ነገር ለመቁጠር እንጂ የማታውቁትን ለማግኘት አይሆንም። ግማሽ ዕጣ መኖሩን ሳታውቁ ስለ ግማሽ ዕጣ ጥያቄ አትጽፉም። ስለዚህ ከማየትና ከማውራት በኋላ ይምጣ።

ስሌቱ ይህ ነው። በዘፈቀደ የተመረጡ 100 ሰዎች ቢመልሱ ውጤቱ ወደ ላይም ወደ ታችም 10 ነጥብ ገደማ ሊዛነፍ ይችላል። 400 ቢሆኑ 5 ነጥብ ገደማ። ግን "በዘፈቀደ" የሚለው ቃል ላይ ችግር አለ። ቴሌግራም ግሩፓችሁ ላይ ያለው የእናንተው እኩያ፣ የእናንተው ጓደኛ ነው። እቁቡን የሚመሩት የስልሳ ዓመት እናት እዚያ የሉም። 1000 የተሳሳቱ ሰዎች መልስ ከ10 ትክክለኛ ሰዎች መልስ አይሻልም።

መጠይቅ ላይ "ይህ ያስፈልግዎታል? አዎ ወይስ አይ?" ብላችሁ ሰባት ጊዜ ከጠየቃችሁ ሰባት ጊዜ አዎ ነው። ነፃ ነገር ማን ይጠላል? ይልቁንስ "ከእነዚህ በጣም የሚያስፈልግዎትን አንድ፣ በጣም የማያስፈልግዎትን አንድ ይምረጡ" በሉ። የገበያ ጥናት ሰዎች ማክስዲፍ የሚሉት ዘዴ የተሠራው በዚህ ሐሳብ ላይ ነው። አንዱን ለማንሳት ሌላውን መጣል ግድ ሲሆን ይሉኝታ ቦታ ያጣል።

ከጀርባው ምንም የሌለ በር

ገጽ ላይ ቁልፍ ታደርጋላችሁ። ሰው ሲጫነው "ይህ አገልግሎት ገና እየተሠራ ነው፣ ስልክዎን ይተዉልን" ይላል። ስንት ሰው እንደተጫነው ትቆጥራላችሁ። በቃ ይኸው ነው።

በፈረንጆች 2010 ጆኤል ጋስኮይን ባፈርን፣ የማኅበራዊ ሚዲያ ጽሑፍ በቀጠሮ የሚለጥፈውን አገልግሎት፣ የጀመረው እንዲህ ነው። መጀመሪያ ሐሳቡን የሚገልጽ አንድ ገጽ ሠራ። የሚቀጥለውን የተጫነ ሰው ገና ዝግጁ አለመሆናቸውን አንብቦ ኢሜይሉን ይተዋል። ሰው ኢሜይል መተው ሲጀምር በሁለቱ ገጾች መሃል የዋጋ ገጽ አስገባ። ዋጋ አይተውም የሚጫኑ መኖራቸውን ሲያረጋግጥ ኮድ መጻፍ ጀመረ። ፋይል በኢንተርኔት የሚያስቀምጠው የድሮፕቦክስ መሥራች ድሩ ሂውስተንም ምርቱ ገና ለሕዝብ ሳይከፈት አሠራሩን የሚያሳይ አጭር ቪዲዮ ነበር የለቀቀው። የተመዝጋቢው ዝርዝር በአንድ ሌሊት ከ5,000 ወደ 75,000 ዘለለ።

ይሉኝታን ከሚያልፉት ዘዴዎች ይህ አንዱ ነው። ኮምፒውተርን ማንም አያፍረውም። ሰው የሚለውን ሳይሆን የሚያደርገውን ታያላችሁ። ለምን እንዳደረገው ግን አይነግራችሁም።

ገንዘብ የሚነካ ምርት ላይ ግን ተጠንቀቁ። በቴሌግራም ስንቱ ተጭበርብሯል። "ክፈል" የሚል ቁልፍ ተጭኖ ባዶ ገጽ ያገኘ ሰው "ሌቦች ናቸው" ብሎ ለሰፈሩ ሁሉ ያወራል። በሩ ባዶ መሆኑን ወዲያው በግልጽ ንገሩት። ብር በፍጹም አትቀበሉ።

ሳይሠሩ መሥራት

ኒክ ስዊንመርን በ1999 የጫማ ሽያጭ ድረ ገጹን፣ በኋላ ዛፖስ የተባለውን፣ ሲጀምር መጋዘን አልነበረውም። ሱቅ ሄዶ ጫማ ፎቶ አነሳ፣ ድረ ገጹ ላይ ለጠፈ። ሰው ሲያዝ ከሱቁ በሙሉ ዋጋ ገዝቶ ላከ። ኪሳራ ነው፤ ግን ሰው ጫማን ሳይለካ በኢንተርኔት እንደሚገዛ አወቀ።

እኛም እንዲሁ ማድረግ እንችላለን። ፈቃደኛ የሆነ አንድ የ12 ሰው እቁብ እንፈልግ። አንድ ኤክሴል፣ አንድ የቴሌግራም ግሩፕ፣ አንድ ስልክ። ማስታወሻውን በእጃችን እንልካለን። የከፈለውን እንመዘግባለን። ገንዘቡ የራሳቸው ገንዘብ ያዥ ዘንድ ይቆይ፤ የሰው ብር ሰብስቦ መያዝ የብሔራዊ ባንክን ፈቃድ የሚያስነሳ ጉዳይ ነው።

አንድ ወር ከሠራችሁ እጃችሁን የሚያደክማችሁን ታውቃላችሁ። ያ ነው መጀመሪያ የሚሠራው ፊቸር። ምናልባት ማስታወሻ መላክ ይሆናል፤ ምናልባትም "እኔ ከፍዬአለሁ፣ አልተመዘገበልኝም" የሚል ክርክር። ከ12ቱ ሦስቱ ተራ ስልክ እንደሚይዙም የምታውቁት እዚህ ነው። ቴሌብር በ2021 (በፈረንጆቹ) ሲጀምር ከአፑ ጎን *127# ያስፈለገው፣ ራይድም አፕ ኖሮት 8294 ላይ ስልክ የሚያነሳው ያለ ምክንያት አይደለም። ለኛም እቁብ ኤስኤምኤስ ከቻት ሊቀድም ይችላል።

ይህ ዘዴ ከሁሉም የሚያለፋው ነው። መልሱ ግን ከሁሉም ይታመናል።

ሰው ፊት ንድፍ አቅርቦ "እስቲ ክፈሉበት" ማለትስ? የአጠቃቀም ጥናት ባለሙያው ጃኮብ ኒልሰን በ2000 አምስት ሰው መሞከር 85 በመቶ ያህሉን የአጠቃቀም ችግር ያወጣል ብሎ ጽፎ ነበር። ጠቃሚ ነው፤ ግን ቁልፉ ስለመገኘቱ እንጂ ቁልፉ ስለማስፈለጉ አይናገርም። ብዙ ቡድን ሁለቱን ያምታታል። የማይፈለግ ፊቸርም ለአጠቃቀም ቀላል ሊሆን ይችላል።

ተሰብስቦ ከመጣ በኋላ

አሁን ደብተራችሁ ሞልቷል። ቅደም ተከተል ማውጫ ዘዴዎቹም ብዙ ናቸው።

ታዋቂው የካኖ ነው። ጃፓናዊው ፕሮፌሰር ኖሪያኪ ካኖ በ1984 ያወጡት ነው። ለእያንዳንዱ ፊቸር ሁለት ጥያቄ አለ፤ ቢኖር ምን ይሰማዎታል? ባይኖርስ? ከሁለቱ መልስ ፊቸሩ የግድ ነው፣ በጨመረ ቁጥር የሚያስደስት ነው፣ ያልተጠበቀ ስጦታ ነው ወይስ ማንም ግድ የማይሰጠው ነው የሚለው ይወጣል። የክፍያ መዝገብ የግድ ነው፤ ቢኖር ማንም አያመሰግናችሁም፣ ባይኖር ግን ጥለዋችሁ ይሄዳሉ። ሐሳቡ ግሩም ነው። ወደ አማርኛ ሲመጣ ግን "ባይኖር ምን ይሰማዎታል?" ለሚለው "ግድ የለኝም" እና "ችዬው እኖራለሁ" የሚሉት አማራጮች ለብዙ ሰው አንድ ይሆኑበታል። በወረቀት አትበትኑት፤ አጠገቡ ሆናችሁ ጠይቁት።

ራይስ የሚባለው የኢንተርኮም ኩባንያ ስሌት ነው። ስንት ሰው ይደርሳል፣ ሲባዛ ምን ያህል ይጠቅማል፣ ሲባዛ ምን ያህል እርግጠኛ ነን፣ ሲካፈል ለስንት ወር ሥራ። ቁጥሮቹን ለምሳሌ ያህል ከራሴ ላስቀምጥ። የክፍያ መዝገብ 400 ሰው ይደርሳል፣ ጥቅሙ 2፣ እርግጠኝነታችን 80 በመቶ፣ ሥራው 2 ወር፤ ውጤቱ 320። በስልክ የሚወጣ ዕጣ 400 ሰው፣ ጥቅሙ 1፣ እርግጠኝነት 50 በመቶ፣ ሥራው 1 ወር፤ 200። ግማሽ ዕጣ 120 ሰው ብቻ፣ ጥቅሙ 3፣ እርግጠኝነት 100 በመቶ ምክንያቱም በዓይናችን አይተነዋል፣ ሥራው 1 ወር፤ 360። ሰሌዳው ላይ ጭራሽ ያልነበረው ፊቸር አንደኛ ወጣ! የራይስ ጥቅሙ "እርግጠኝነት" የምትለዋ ቁጥር ላይ ነው። ጥናት ያላደረገ ሰው ቅን ከሆነ 50 ለመጻፍ ይገደዳል። ቅን ካልሆነ ግን የፈለገውን ውጤት የሚያወጣ ቁጥር ማስገባት ይችላል። አይቻለሁ።

ሞስኮው የሚባለው በ1994 ዳይ ክሌግ ያወጣው ነው፤ ከከተማዋ ጋር አይገናኝም። ፊቸሮችን የግድ፣ ቢሆን የሚገባው፣ ቢሆን ጥሩ፣ ለአሁኑ የማይሠራ ብሎ ይከፍላል። ፈጣን ነው። ችግሩ አለቃ ባለበት ስብሰባ ላይ ሁሉም "የግድ" መሆኑ ነው። የግድ የሆነው ከሥራው 60 በመቶ እንዳያልፍ ወስኑ፤ አለበለዚያ ጊዜያችሁን አታባክኑ።

እኔ የምወደው ባቄላ ነው። ፊቸሮቹን በካርቶን ላይ በሥዕል አድርጋችሁ ደርድሩ። ለእያንዳንዱ ሰው 20 ፍሬ ባቄላ ስጡና "ለሚጠቅምዎ ነገር ያካፍሉ" በሉ። ማንበብ የማይችሉ እናትም ከልጃቸው እኩል ይሳተፋሉ። አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ፤ አንድ በአንድ አስገቧቸው። አብረው ካስቀመጣችሁ ዳኛው ባቄላቸውን የጣሉበት ላይ ሁሉም ይጥላል።

እንደ አቅማችሁ

ሁለት ሳምንት ብቻ ካላችሁ፦ ሁለት እሑድ ሄዶ ማየት፣ በመሃል ከስድስት ሰው ጋር ማውራት፣ መጨረሻ ላይ ባቄላ። መጠይቁን እርሱት።

ሁለት ወር ካላችሁ ከዚያ በላይ አንድ እቁብ በእጃችሁ ሥሩና ራይስን በዚያ ቁጥር ሙሉ። ተጠቃሚዎቻችሁ ውጭ አገር ከሆኑ ሄዶ ማየት ስለማይቻል ማታ ማታ በስልክ ማውራትና ባዶ በሩ ይተካሉ። ምርቱ ወጥቶ ሰው እየተጠቀመ ከሆነ ደግሞ "ነገ ቢጠፋ ምን ያህል ይከፋዎታል?" ብላችሁ ጠይቁ። የስታርታፕ አማካሪው ሾን ኤሊስ 40 በመቶው "በጣም" ካለ ጥሩ መንገድ ላይ ናችሁ ይላል። ገና ላልወጣ ምርት ግን ይህ ጥያቄ ትርጉም የለውም።

ለተሳታፊዎች የምትሰጡት የካርድ ብር ጉዳይም አለ። ስጡ፣ ጊዜያቸውን ወስዳችኋል። ግን ሁሉም ነገር ከተጻፈ በኋላ፣ ጫማችሁን ስታስሩ ይሁን። መቶ ብር አስቀድሞ የተቀበለ ሰው "በርቱ" ከማለት ሌላ ምን አፍ አለው?